ምዕራፍ 4፦ ይህን ሥራ የያዘው ማነው?

ስለ ሶፍትዌር ኩባንያ ኑሮ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ በቀለም ያሸበረቀ ግድግዳ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ፈገግ ያለ ወጣት። ከዚህ ጠለቅ ያለ የሚመስለው ጽሑፍ ደግሞ ትንሹን ኩባንያ ቤተሰብ፣ ትልቁን ሠራዊት ይልና መካከለኛውን «የሁለቱ ድብልቅ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ይህ ማብራሪያ አይደለም፤ ስንፍና ነው። መካከለኛው ኩባንያ የማንም ድብልቅ አይደለም። የራሱ ደስታ፣ የራሱም በሽታ አለው። በሽታው ሁሉም «ሌላ ሰው ይዞታል» ብሎ የሚተማመንበት፣ በእውነቱ ግን ማንም ያልያዘው ሥራ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት መካከለኛ የሚለው ከ50 እስከ 249 ሠራተኛ ያለውን ድርጅት ነው፤ የገቢ ጣሪያም አስቀምጦለታል። ለሶፍትዌር ሥራ ግን ከሰዉ ቁጥር ይልቅ የሚወስነው ስንት ሰው ከስንት ሰው ጋር መነጋገር አለበት የሚለው ነው። ፍሬድ ብሩክስ በአይ ቢ ኤም የሲስተም 360ን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራ የመራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይብሱኑ እንደሚያዘገየው ጻፈ። አዲሱን የሚያስተምረው ነባሩ ነው፤ መነጋገሪያውም ይበዛል። ስምንት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ቢነጋገሩ 28 ጥንድ ይወጣቸዋል። ሠላሳ ሲሆኑ 435። መቶ ሃያ ሲደርሱ 7,140። ሰዉ 15 እጥፍ ሲያድግ መነጋገሪያው 255 እጥፍ አደገ ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት ከድግስ የተሻለ ምሳሌ የለም። ትንሽ ኩባንያ የቤት ወጥ ቤት ነው፤ ጨው መግባት አለመግባቱን የምታውቀው ድስቱን የጣደችው ራሷ ናት። ትልቅ ኩባንያ ሆቴል ነው፤ የጨው መጠን በግራም ተጽፏል፤ የሚጨምረውም ሰው ተመድቧል። መካከለኛው ኩባንያ ግን ዳስ የተጣለበት የሠርግ ድግስ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቷል፤ ሁሉም ባለሙያ ነው፤ ሁሉም ቅን ነው። ጨው ሁለት ጊዜ የሚገባው፣ አለዚያም ጭራሽ የሚረሳው እዚህ ነው። ምሳሌው በዚህ አያበቃም። ሽንኩርት ከታፊዎቹ በቅርብ የተቀጠሩት ፕሮግራመሮች ናቸው፤ ድካማቸው ከሁሉም በፊት ይጀምራል፤ ወጡ ሲወጣ ግን ሽንኩርቱን ለይቶ የሚያይላቸው የለም። በርበሬውን በዓይኗ ለክታ የምትጨምረው ዋና ወጥ ሠሪ ከመሥራቾቹ ዘመን የቀረችው ኢንጂነር ናት። አሳላፊዎቹ የሽያጭ ክፍል ናቸው፤ ዶሮው ገና ሳይበስል «አሁን ይመጣል» ብለው ለእንግዳው ቃል ይገባሉ። ድስቱና ብረት ምጣዱ ደግሞ ከእድር የመጣ ነው፤ ሶፍትዌሩም በብዛት የቆመው ሌሎች በነጻ በለቀቁት ኦፕን ሶርስ ኮድ ላይ ነው፤ ሰርቨሩም ከአማዞን ወይም ከማይክሮሶፍት በኪራይ የተወሰደ ነው። ጠላ ጠማቂዋም አለች። ማንም ሳያያት ቀድማ ትጀምራለች፤ ጠላው ካልደረሰ ግን በዕለቱ ምንም ዓይነት ሩጫ አያድነውም፤ የመሠረተ ልማት ቡድኑ ኑሮ እንዲህ ነው። ማታ የተረፈውን እንጀራ ሰብስቦ የሚያስቀምጠው ሰው እንኳ በኩባንያው ውስጥ አቻ አለው፤ እሱም ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ ያዡ ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

እስካሁን የተባለው ሲጠቃለል፦ ሰዉ በዝቷል፣ ደንቡ ገና አልተጻፈም፣ እውቀቱም በየሰዉ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

የሥራው ቀን በስታንድአፕ፣ በአጭር የቁም ስብሰባ፣ ይጀመራል፤ ትናንት ምን ተሠራ፣ ዛሬ ምን ይሠራል፣ ምን አግዷል። ከዚያ ቲኬት፣ ማለትም የሥራ ማዘዣ፣ ይነሣል፤ ኮድ ይጻፋል፤ ባልደረባ እንዲመረምረው ለሪቪው ይላካል፤ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ትልቅ ኩባንያም ውስጥ አለ፤ ለማብራራትም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም። የመካከለኛው ኩባንያ ልዩ ጠባይ በመሀል ያለው ፍለጋ ነው። የክፍያው ሞጁል ለምን ሁለት ጊዜ ይጠራል? ይህን ሰንጠረዥ የሚያነበው የትኛው ቡድን ነው? ጥያቄው በመልእክት መለዋወጫው በስላክ ይለቀቃል፤ መልሱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም መልሱ የሌላ ሰው ስም ነው። አዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚፈጀው የፕሮግራም ቋንቋውን በመማር አይደለም፤ ማን ምን እንደሚያውቅ በማጥናት ነው። ይህን ፈጥኖ ያጠና ሰው ከሁሉ ጎበዝ ኮድ ጸሐፊ በላይ ይፈለጋል፤ መፈለጉም ተገቢ ነው።

ደስታውም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል። ዋና ሥራ አስኪያጁ ምሳ የሚበላው እዚያው ነው፤ የሁለት ዓመት ልምድ ያላት ወጣት የጻፈችውን ነገር በማግስቱ ደንበኛ ሲጠቀምበት ታያለች፤ «ይህ አያስኬድም» ብትል የሚሰማ ጆሮ ታገኛለች። በትልቅ ኩባንያ ይህ እምብዛም አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ክርክር ሳይነሣ አይታለፍም። የአስተዳደር አሠልጣኞች ኩባንያ 150 ሰው ሲያልፍ «በተፈጥሮ ሕግ» ይሰነጠቃል ይላሉ። ቁጥሩ የእንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት የሮቢን ደንባር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጦጣና የዝንጀሮ ዝርያዎችን አንጎል መጠን ከመንጋቸው ብዛት ጋር አነጻጽሮ፣ ከዚያ ተነሥቶ የሰውን ገመተ። ጸሐፊው ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሲያስገባው ቁጥሩ በየስብሰባ አዳራሹ ናኘ። እ.ኤ.አ. በ2021 ግን የስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስሌቱን በተለያየ ዘዴ ደግመው ሲሠሩት፣ በአንዱ ዘዴ ብቻ ግምቱ ከ4 እስከ 520 ድረስ የሚለጠጥ ሆኖ አገኙት። ከ4 እስከ 520! በእንዲህ ያለ ስፋት ላይ ቆሞ «እስከ 149 ሰላም ነን» ማለት አንባቢን ማታለል ነው። ኩባንያ የሚሰነጠቀው ከአንጎል መጠን የተነሣ አይደለም፤ አንዱ ቡድን የሌላውን ሥራ ሳያውቅ መለወጥ ሲጀምር ነው። የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ሜልቪን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1968 ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ነገር ተናግሯል፦ ድርጅቶች የሚሠሩት ሲስተም የራሳቸውን የመነጋገሪያ መዋቅር ቅርጽ ይይዛል። ሁለት ቡድኖች የማይነጋገሩ ከሆነ፣ የሚሠሯቸው ሁለት ሞጁሎችም በደንብ አይነጋገሩም።

የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ስሙ እዚህ በማይጠቀስ ኩባንያ፣ ይህንኑ በቅርብ አይቶታል። ኩባንያው የደመወዝ ሶፍትዌር ይሸጥ ነበር። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር አለው፤ ደመወዝ ግን የሚከፈለው 12 ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ኮዱ ውስጥ የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀን ከነሐሴ ጋር የምታጣብቅ አንዲት መስመር ነበረች። ማብራሪያ አልተጻፈባትም። ጎበዝ የተባለ አዲስ ገቢ ኮዱን ሲያጸዳ ትርፍ መሰለችውና አወጣት። ሪቪው ያደረገው ከሌላ ቡድን ነበርና አጸደቀ። ቴስቱም አለፈ፤ ምክንያቱም ቴስቶቹ የተጻፉት ከወር 1 እስከ ወር 12 ብቻ ነበር። ጳጉሜ 1 ቀን የደንበኛው ሒሳብ ክፍል ሲከፍተው ሶፍትዌሩ አዲስ የደመወዝ ወር ጀምሮ ጠበቀው፤ የአምስት ቀን ወር፣ ከነግብሩ። ያችን መስመር የጻፈችው ኢንጂነር ከኩባንያው አልወጣችም ነበር። ወደ ደንበኛ ድጋፍ ተዛውራ እዚያው ሕንፃ ላይ፣ አንድ ፎቅ ብቻ ከፍ ብላ ተቀምጣ ነበር። ስትጠራ ነገሩን ለማስረዳት ብዙም አልፈጀባትም፤ ከዚያ በፊት ግን የጠየቃት አልነበረም።

አዲሱ ልጅ አላጠፋም፤ አጽዳቂውም አላጠፋም። ይህን የማይቀበል አንባቢ ቢኖር ከዚህ እጅግ የገዘፈ ጉዳይ ይመልከት።

ጊትላብ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት አገልግሎት ነው። ሠራተኞቹ በብዙ አገሮች ከየቤታቸው የሚሠሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ገና በመካከለኛ ቁመና ላይ የነበረ ኩባንያ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን ማታ የስፓም ጫና ዳታቤዙን አስጨንቆት፣ ሁለተኛው ሰርቨር ከዋናው ዳታ መቅዳት አቁሞ ነበር። አንድ ኢንጂነር ሁለተኛውን እንደ አዲስ ለማስነሣት የድሮውን ፋይል ማጥፋት ነበረበት። ሌሊቱ እየገፋ ነው፤ ሁለቱ ማሽኖች በስማቸው የሚለያዩት በአንድ አኃዝ ብቻ ነው። ማጥፊያውን ትእዛዝ የሰጠው ለዋናው ሰርቨር ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ አቆመው፤ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው ግን 4.5 ብቻ ነበር።

የታሪኩ እምብርት ከዚህ በኋላ ነው፤ አብዛኞቹ ተራኪዎች ግን እዚህ ላይ «ደክሞት ተሳሳተ» ብለው ይዘጉታል። ባክአፕ ተፈለገ። በየቀኑ መወሰድ የነበረበት ቅጂ የለም፤ ቅጂ አውጪው ፕሮግራም የተሠራው ለዳታቤዙ የድሮ ቨርዥን ስለነበር ሥራው በየጊዜው ሲከሽፍ ቆይቷል። መክሸፉን የሚነግረው ኢሜይልም የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ፊርማ ስላልነበረው ተቀባዩ ሲስተም እየመለሰው ለሰው ሳይደርስ ቀርቷል። የማይክሮሶፍት የኪራይ ሰርቨር አገልግሎት በሆነው በአዙር ላይ ያለው የዲስክ ቅጂ ደግሞ ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልተከፈተም ነበር። ያዳናቸው ያው ኢንጂነር ከአደጋው ስድስት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው አንድ ቅጂ ነው።

አገልግሎቱ ለ18 ሰዓት ያህል ተቋረጠ። ዳታው በዝግታ ሲመለስ ኩባንያው ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላለፈ፤ ማስታወሻውንም ለሕዝብ ክፍት አደረገ። የፕሮግራመሮቹ ኮድ አልጠፋም፤ ነገር ግን 5,000 ያህል ፕሮጀክቶችን፣ 5,000 ያህል አስተያየቶችንና 700 ያህል አዳዲስ ተጠቃሚዎችን የሚመለከት የስድስት ሰዓት መዝገብ ጠፋ። ኢንጂነሩ አልተባረረም።

ጊትላብ በፌብሩዋሪ ወር ያወጣው ዘገባ ምክንያቱን ለምን፣ ለምን እያለ ወደ ታች ይቆፍራል። ባክአፑ ለምን በየጊዜው አልተፈተሸም? ባለቤት ስላልነበረው፣ ስለዚህም የመፈተሽ ኃላፊነት የማንም ስላልነበረ፤ ዘገባው ራሱ የሰጠው መልስ ይህ ነው። የድግሱን እንጀራ ማታ የሚሰበስበው ሰው አልተመደበም ነበር ማለት ነው፤ ሁሉም ሌላው ይዞታል ብሎ አምኖ ተኛ።

ከዘገባው ጋር የማሻሻያ ሥራዎች ዝርዝር ወጣ። አብዛኛው የማሽን ነገር ነው፦ ባክአፕን መቆጣጠሪያ፣ ቅጂን መልሶ የማስነሣት የዘወትር ሙከራ፣ ኢንጂነሩ የትኛው ማሽን ላይ እንዳለ በግልጽ የሚያሳይ ምልክት። ከመካከሉ አንዱ መስመር ግን ኮድ አይጠይቅም፤ ለዳታው ደኅንነት ባለቤት ይመደብ ይላል።