እንግዳው ተወዛዋዥ

የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ብቻ ሳይሆን በትንንሾቹም አንድ ባሌት ይታያል፤ «ነትክራከር»። ሙዚቃው የቻይኮቭስኪ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቲያትር በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። አንዲት ልጅ በገና ዋዜማ በአሻንጉሊት መልክ የተሠራ የለውዝ መስበሪያ በስጦታ ታገኛለች፤ ሌሊት አሻንጉሊቱ ነፍስ ዘርቶ ከአይጦች ንጉሥ ጋር ይዋጋል፤ ከዚያ ልጅቷን ይዞ ወደ ጣፋጮች አገር ይሄዳል። ሳን ፍራንሲስኮ ባሌት በ1944፣ ጆርጅ ባላንሺን ደግሞ ኒውዮርክ ላይ በ1954 ካሳዩት ወዲህ አሜሪካ ውስጥ የዓመት ልማድ እየሆነ ሄዷል። ብዙ ቡድኖች የዓመቱን ትኬት ገቢ ትልቅ ድርሻ የሚያገኙት ከዚሁ ነው። ስለ ታሪኩ ይህ ይበቃል፤ እኔን የሚገርመኝ የእንግዳ ተወዛዋዦቹ ነገር ነው።

በአሜሪካ የትንሽ ከተማ ባሌት ቡድን ባለሙያው ጥቂት ነው። መድረኩን የሚሞሉት የከተማው ልጆች ናቸው። ለበዓሉ ከትልቅ ቡድን ሁለት ተወዛዋዦች ይጠሩና ጥቂት ምሽት ሠርተው ይመለሳሉ። ፖስተሩ ላይ ስማቸው ስለሚጎላ «ዋናዎቹ እንግዶቹ ናቸው፤ ልጆቹ ማሟያ ናቸው» የሚል ብዙ ነው። ይህን የሚል ሰው የድርሰቱን አሠራር ልብ ብሎ አላየውም። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ልጅ ናት። የመጀመሪያው ክፍል የልጆች ግብዣ ነው፤ ወታደሮቹና አይጦቹም ብዙ ጊዜ ልጆች ናቸው። እንግዶቹ የሚሠሩት የጣፋጮቹን አገር እመቤትና አጃቢዋን ወንድ ነው፤ እመቤቷ የምትታየው በሁለተኛው ክፍል ነው፤ ትልቁ ውዝዋዜዋም ወደ መጨረሻው ነው። መጀመሪያ ከወንዱ ጋር አብራ ትሠራለች፤ ቀጥሎ እሱ ብቻውን፣ ቀጥሎ እሷ ብቻዋን፣ በመጨረሻ ሁለቱም። እሷ ብቻዋን ስትሠራ የሚሰማው የደወል ድምፅ የቼሌስታ ነው። በጊዜው አዲስ የነበረውን ይህን መሣሪያ ቻይኮቭስኪ ፓሪስ አይቶት፣ ሌላ አቀናባሪ እንዳይቀድመው በምስጢር ነው ወደ ሩሲያ ያስመጣው።

ይህ የጥንዶች ውዝዋዜ ከሌላው ጋር እምብዛም አይነካካም። ሁለቱ በሌላ ከተማ ተለማምደው ይመጣሉ፤ መድረኩንና የሙዚቃውን ፍጥነት ለክተው ይገባሉ። ልጆቹ ግን ወራት ይለማመዳሉ። ድርሰቱ ራሱ ለእንግዳ ክፍት ቦታ ትቷል፤ እንግዳው ከዚያ አያልፍም፤ የማንንም ቦታ አይወስድም።

ይህ ክፍት ቦታ እኛ ዘንድም አለ። በከተማችን በከሚሴ ሰርግ ቤት የገባ ያውቀዋል። ሰዉ ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፤ ከበሮው ይመታል፤ አንዱ ዘፈን በኦሮምኛ ይጀመርና በአማርኛ ይቀጥላል። ሁለት ሰዎች ወጥተው ፊት ለፊት ይጋጠማሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይተካል። ሰኞ ገበያዋ አፋሩን፣ ኦሮሞውንና አማራውን ከምታገናኘው ከባቲ የመጣም ቢሆን፣ ከራያ የመጣም ቢሆን፣ ከበሮውን መስማት ከቻለ መግባት ይችላል። የራሱን ስልት ያመጣል፤ የእኛው ልጅ ያን ተቀብሎ በራሱ ይመልስለታል። አንድ ጊዜ የከሚሴ ወጣት የራያውን እንግዳ እግር አጣጣል እዚያው ክቡ ውስጥ ሲይዘው አይቻለሁ፤ ማንም አላስተማረውም።

ውዝዋዜው መድረክ ላይ ሲወጣ ግን አዘጋጆቻችን ይህን ያበላሹታል። ክቡን ይፈቱና ተወዛዋዦቹን በአንድ መስመር ያቆሟቸዋል፤ ፊት ለፊት መጋጠም ይቀራል፤ ከፊታቸው ዘፋኝ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ተወዛዋዡ መጋረጃ ነው። ስሙ አይጠራም፤ ካሜራውም አያየውም። እስክስታን የትከሻ ነገር ብቻ ያደረጉት እነዚሁ ናቸው፤ ጉልበቱን፣ አንገቱን፣ ትንፋሹን የሚያሳየው ከፊት የቆመው ተጋጣሚ ነበር። እባካችሁ ክቡን አትፍቱት።

እንግዳ በቅጡ ሲጠራ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ደግሞ አዲስ አበባ የሆነው ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም መጥቶ መቶ ያህል የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆች በካርል ኦርፍ «ካርሚና ቡራና» ላይ እንዲወዛወዙ አደረገ። ከልጆቹ መካከል የተመረጡት ለዓመታት ሠልጥነው አዱኛ የሚባለው የማኅበረሰብ የውዝዋዜ ቡድን ሆኑ። ካንዱኮ ከተባለው የውዝዋዜ ቡድን መሥራቾች አንዱ የሆነው አዳም ቤንጃሚንም መጥቶ ከአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ጋር ሠራ። ከአዱኛ የወጣው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 ለሮሌክስ የጥበብ ፕሮግራም ተመርጦ ከጃፓናዊው ኮሪዮግራፈር ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ተማረ፤ በኋላም ከጓደኛው ከአዲሱ ደምሴ ጋር ዴስቲኖ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ማልዱም በርሊን ላይ 250 ተማሪዎችን ሳይመን ራትል ይመራው ከነበረው ኦርኬስትራ ጋር «የጸደይ ሥርዓት» በተባለው ሥራ ያስወዛወዘው በ2003 ነው፤ ዓለም ያወቀውም በዚያ ሥራ ላይ በተሠራው ፊልም ነው። የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ሰባት ዓመት ይቀድማሉ፤ ይህ ሊነገርላቸው ይገባል። እዚህም የቀሩት ልጆቹ ናቸው፤ እንግዶቹ ሥራውን ትተውላቸው ሄደዋል።

ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲደርስ በየዞኑ መድረክ ይዘጋጃል፤ እኛም ጋ እንዲሁ። ከአዲስ አበባ ከሚሴ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የሚጠራው ዘፋኝ የሚመጣው በዋዜማው ማታ ነው፤ ተወዛዋዦቹን የሚያያቸው መድረክ ላይ ነው። እንግዳ የምትጠሩ ሰዎች፣ ከዘፋኙ ጋር አንድ ጎበዝ ተወዛዋዥ ጥሩ፤ ሁለት ቀን ቀድሞ ይምጣና ከከሚሴና ከባቲ ልጆች ጋር ይዋል። ልምምዱን ሲሚንቶ ላይ አታድርጉት፤ ጉልበት ይጎዳል፤ ሣር ያለበት ሜዳ ይሻላል። ፖስተሩ ላይም ከእንግዳው ስም ቀጥሎ የልጆቹን ስም ከነአባታቸው ጻፉ።