«ለስላሳ ምን ይምጣልዎ?»

ለስላሳ ለመተው የወሰነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ሱቅ ሄዶ ሳይሆን ሰው ቤት ሄዶ ነው። ገና አረፍ ከማለትዎ «ለስላሳ ምን ይምጣልዎ?» ይባላሉ። «ውሃ ይበቃኛል» ቢሉ የቤቱ እመቤት ቅር ትሰኛለች። «ምነው፣ አሞዎታል እንዴ?» ትላለች። ሁለተኛው «በሞቴ» ሲመጣ ቆርኪው ተከፍቷል።

ልማዱን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ለስላሳ በከተማ ቤቶቻችን የእንግዳ ክብር፣ የልደት ማድመቂያ፣ ከጥብስና ከክትፎ በኋላ ደግሞ «ማውረጃ» ሆኗል። ስለዚህ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ መማል ብቻውን እምብዛም አያዛልቅም። መቼና ከምን ጋር እንደሚጠጡት ማወቅ ይቀድማል።

በቅድሚያ ግን ስለ ስኳሩ። ኮካ ኮላ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10.6 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ይህ በተለመደው የ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ፣ በሻይ ማንኪያ ደግሞ ወደ 8 የሚጠጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከሚጨመር ስኳር የሚያገኘው ከጠቅላላ ጉልበቱ 10 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም 50 ግራም ገደማ ነው። ወደ 25 ግራም ቢወርድ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። አንዷ ጠርሙስ ይህን ሁለተኛውን ልክ ብቻዋን ታልፈዋለች።

ሻይዎ ላይ 8 ማንኪያ ስኳር ቢጨመርበት አይጠጡትም፤ ይመልሱታል። ለስላሳው ላይ የማይታወቀን ቅዝቃዜው፣ ጋዙና አሲዱ ጣፋጭነቱን ስለሚሸፍኑት ነው። ማረጋገጥ የፈለገ አንድ ጠርሙስ ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያሳድርና ጠዋት ይቅመሰው። ሽሮፕ ነው የሚሆነው።

ለሦስት ወይም ለአራት ቀናት የጠጡበትን ሰዓት ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። አንዳንዱ ሰው ከምሳ ጋር ብቻ ነው የሚፈልገው። ሌላው የሚበረታበት ረቡዕና አርብ ነው፤ ማክያቶው ሲቀር ለስላሳው ቦታውን ይይዛል። በረመዳን ደግሞ ፈተናው የአፍጥር ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከታወቀ መተካት ያለበት ያ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይከተላል።

ካፌይን የሚነሳው ኮላ ለሚያዘወትሩ ነው። በ300 ሚሊ ሊትር ኮካ ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን ይገኛል፤ ስፕራይት ውስጥ የለም። በቀን ሦስት አራት ኮላ የሚጠጣና ቡና የማይቀምስ ወጣት በአንዴ ቢያቆም በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ራስ ምታት፣ ድካምና ብስጭት ሊጀምረው ይችላል፤ ከ2 እስከ 9 ቀን ሊቆይም ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ ጠርሙስ እየቀነሰ መሄድ ይሻለዋል። ቡና ጠጪው ግን ካፌይኑን ከስኒው ስለሚያገኝ የሚናፍቀው ስኳሩንና ጋዙን ነው።

ለጋዙ እዚሁ አገር አምቦ ውሃ አለ። ቀዝቅዞ ሎሚ ሲጨመቅበት ከወጥ ጋር ከኮካ ያላነሰ ይሄዳል፤ ለእኔ እንዲያውም ይበልጣል። ጣዕም የተጨመረባቸውን ግን መለያቸውን ሳያነቡ አይግዙ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ምትክ ሲመርጥ ነው። ጁስ ቤት የሚጨመቀው ስፕሪስ ስኳር ባይጨመርበትም፣ ከፍሬው ተጨምቆ የወጣው ስኳር በዚያው የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ይቆጠራል። ፍሬውን መብላት ይሻላል። አልኮል አልባ ማልት ለልጆች እንደ ገንቢ ምግብ ሲቀርብ ይታያል፤ ስኳሩ ግን ከለስላሳ ጎራ ይመድበዋል። «ዜሮ» የሚባሉት ስኳር የላቸውም፤ ለመሸጋገሪያ ይጠቅሙ ይሆናል። ሆኖም ድርጅቱ በ2023 ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን መጠቀምን አልመከረም።

ቤት ውስጥ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ሳጥኑን ማስቀረት ነው። ጓዳ ውስጥ 24 ጠርሙስ ተደርድሮ ልጅን «አትንካ» ማለት አይሆንም። ለእንግዳ የሚበቃውን በዕለቱ ያስመጡ፤ አምቦውንና ሎሚውን በጆግ አስቀድመው ያቅርቡ። ዝም ብሎ የሚቀርብለት እንግዳ ብዙውን ጊዜ የቀረበለትን ይጠጣል።

«ሆድ ያረጋጋል» የሚባለውም መታረም አለበት። ከጠጡ በኋላ የሚሰማው ቅለት ግሳቱ ነው፤ ቃር ያለበት ሰው እንዲያውም ሊባባስበት ይችላል። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ለስላሳ መስጠት ደግሞ አደገኛ ነው፤ የተከማቸው ስኳር ውሃ ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል። ለእሱ የሚሰጠው ከመድኃኒት ቤት የሚገኘው ኦአርኤስ ነው።

አሁንም አልፎ አልፎ የሚጠጡ ከሆነ ከምግብ ጋር በአንዴ ይጨርሱት እንጂ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከሰዓቱን ሙሉ አይጎንጩት፤ ጥርስን የሚጎዳው የአሲዱና የስኳሩ መመላለስ ነው። ከጠጡ በኋላ አፍዎን በውሃ ይጉመጥመጡ፤ ብሩሹን ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ያቆዩት፤ አሲድ ያለሰለሰው የጥርስ ሽፋን ወዲያው ሲፋቅ ይሸረሸራል።