ጠቅልሎ መግባት፦ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያልተቋጨ ጥያቄ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢም ሆነ በለቅሶ ቤት፣ ስልሳ ዓመት የተሻገሩ ኢትዮጵያውያን ሲገናኙ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ «አንተስ መቼ ነው የምትገባው?» ላይ ያርፋል። ጥያቄው ብዙ ጊዜ የአገር ፍቅር መለኪያ ይደረጋል፤ የገባ አገሩን ይወዳል፣ የቀረውን ምቾት አሸንፎታል ይባላል። የሰዎቹ ኑሮ ሲታይ ግን እግር የሚይዘው ሌላ ነው፦ ፓስፖርት፣ ቤት፣ የጡረታ ገንዘብና ሆስፒታል።

ከ1966 ዓ.ም. በፊት ይህ የብዙዎች ጭንቀት አልነበረም። ለትምህርት ወደ ውጭ የሄደ ተማሪ አገር ቤት ሥራም ክብርም ስለሚጠብቀው ዲግሪውን ይዞ መመለሱ የተለመደ ነበር። አብዮቱና ተከትሎት የመጣው ቀይ ሽብር ነገሩን ገለበጡት። ውጭ የነበረው ባለበት ቀረ፤ አገር ቤት የነበረው ወጣት ሌሊት በእግሩ ወደ ሱዳን ወጣ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ከእነዚህ ብዙዎቹን ተቀበለ። ያ ትውልድ ደርግ ሲወድቅ እመለሳለሁ ባይ ነበር። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ግን ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ የቤት ብድር ተጀምሯል፣ አዲሱ ሥርዓትም ሁሉም የተመኘው ዓይነት አልሆነም።

እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ፣ ማለትም ዲቪ፣ ሌላ ዓይነት ተጓዥ አመጣ። ይህኛው ከሞት የሸሸ ሳይሆን ኑሮውን ሊለውጥ የሄደ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዲቪዎች በሠላሳ ዓመቱ የሄደ ሰው ዛሬ ስልሳን አልፏል። ጥያቄው አሁን የበረታበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የጡረታ ዕድሜ ደረሰ።

መንግሥታትም በየዘመኑ ጠርተዋል። የ2000 ዓ.ም. ሚሊኒየም በዓል አንዱ ጥሪ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እስከ ዋሽንግተን፣ ሎስ አንጀለስና ሚኒያፖሊስ ድረስ ሄደው ዲያስፖራውን አነጋግረዋል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሰው ለገና አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ቀረበ። ይሁን እንጂ ለበዓል መምጣትና ጠቅልሎ መግባት አይገናኙም። እንግዳ ሳምንታት ይቆያል፤ ጠቅልሎ የገባ ግን የመብራት መጥፋቱም፣ የቀበሌ ጉዳዩም፣ የዘመድ ችግሩም የእሱ ነው። ጸጥታውም ምርጫውን አጥብቦታል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተጀመረው ጦርነት በ2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም፣ በዚያው ዓመት ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ስለዚህ የጎንደሩም የወሎውም ተወላጅ «አገሬ ልግባ» ሲል በተግባር አዲስ አበባ ልግባ ማለቱ ሆኗል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ያጣል። መልሶ ማግኘት ይችላል፤ ግን አገር ቤት መኖር፣ የውጭውን ዜግነት መተውና ማመልከት አለበት። የአሜሪካ ፓስፖርቱን ለዚህ የሚመልስ ብዙ ሰው አይገኝም።

ክፍተቱን የሞላው በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርድ ነው። ባለካርዱ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያና ያለ ሥራ ፈቃድ ይኖራል፣ ይሠራል፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይቆጠራል፣ ቤት በስሙ ያፈራል። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰውም ካርዱን ማግኘት ይችላል። የማይችለው መምረጥና መመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል ተቋማት በቋሚነት መቀጠር ነው። መብቱ ግን በየዘርፉ ሲጠብና ሲሰፋ ኖሯል። ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ተገደው ነበር፤ በሩ እንደገና የተከፈተላቸው በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 ነው።

ቤቱ የራሱ ታሪክ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በከተማ የሚያዘው በሊዝ ነው፣ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት። ሰው የሚገዛው ቤቱን ነው። ብዙዎች ደግሞ ቤቱን የሚያሠሩት ውጭ ሆነው ለወንድም ወይም ለአክስት ልጅ ውክልና ሰጥተው ነው። ብዙ ቤተሰብ የተቆራረጠውም በዚህ ውክልና ነው፤ ገንዘቡ የት እንደገባ፣ ካርታው በማን ስም እንደወጣ ሲጠየቅ ዝምድናው ይበጠሳል።

ገንዘቡም የራሱን ስሌት ይፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጡረታው በዶላር የሚመጣለት ሰው ኑሮ ቢወደድም አቅም አገኘ። ከዚያ በፊት ውጭ ያለ ቤቱን ሸጦ ሁሉንም ወደ ብር የመነዘረው ግን የቁጠባው ግማሽ ያህል፣ በዶላር ሲታሰብ፣ ከእጁ ወጣ።

የጡረታው ሕግ እንደየአገሩ ይለያያል። የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ሶሻል ሴኩሪቲውን አዲስ አበባ ተቀምጦ መቀበል ይችላል፤ ለአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ የግብር መግለጫ ማቅረቡ ግን አይቀርለትም። ዜጋ ያልሆነው ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቆየ ክፍያው ሊቋረጥበት ይችላል። ያለ መመለሻ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ የቆየም ግሪን ካርዱን አደጋ ላይ ይጥላል። ለአቅመ ደካማ አረጋውያን የሚከፈለው ኤስ ኤስ አይ ደግሞ ከአገሪቱ 30 ቀን ከወጡ ይቆማል። የብሪታንያ ጡረታ ኢትዮጵያ ላለ ሰው ይከፈላል፤ የየዓመቱ ጭማሪ ግን አይታሰብለትም።

ከሁሉ የሚከብደው ሕመም ነው። የአሜሪካ አረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና በአብዛኛው አይከፍልም። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ጡረተኛ ለሜዲኬር ዕድሜውን ሙሉ ከፍሎ አዲስ አበባ ሲታከም ከኪሱ ነው። ባለቅኔው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1990 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ የሄዱት ለኩላሊት ሕክምና ነበር፤ በየካቲት 1998 ኒው ዮርክ አርፈው አስከሬናቸው ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። አገራቸውን አይወዱም ተብለው የሚታሙ ሰው አልነበሩም፤ የያዛቸው ሕክምናው ነው።

ይህ ሁሉ ምርጫ ያለው ሰው ጭንቀት መሆኑም አይዘንጋ። በዓረብ አገራት የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የታሰረ ሠራተኛ ዜግነት አገኛለሁ ብሎ አያስብም፤ መመለሱ አይቀርም፣ የማይታወቀው ቀኑ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በወሰደችው እርምጃ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ የደከሙበትን ንብረት እንኳ ሳይሰበስቡ።

ምርጫው ላለው ሰው ግን መልሱ «ልግባ» ወይም «ልቅር» ብቻ መሆን የለበትም። ቢጫ ካርዱ ራሱ የተሠራው በሁለት አገር ለሚኖር ሰው ነው፤ ከዓመቱ ግማሹን አገር ቤት፣ ግማሹን ከልጅ ልጆች ጋር ውጭ መኖርን ሕጉ አይከለክልም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ውጭ ያለውን ቤት ከመሸጥ በፊት አዲስ አበባ ተከራይቶ አንድ ሙሉ ዓመት፣ ክረምቱንም በጋውንም፣ መኖር ይበጃል። ውክልናውን ለአንድ ጉዳይ ብቻ መወሰን፣ ጡረታውን በውጭ ምንዛሪ ማቆየት፣ ግሪን ካርድ ያለው ደግሞ ዜግነቱን ሳይጨርስ አለመነሳት ብዙ ጸጸት ያድናል። ከሁሉ በፊት ግን ሰው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ብታመም የት እታከማለሁ፣ ማን ያስታምመኛል?» ብሎ ነው። ለዚህ መልስ ያለው ይግባ፤ መልስ የሌለው ደግሞ አገሩን እየተመላለሰ ቢያይ አይታማ።