የንባብ ቤት በስልክ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ የንባብ ቤት ትምህርት ከፊደል ገበታ ተነሥቶ፣ በአቡጊዳና በፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያም በዮሐንስ ወንጌል አልፎ፣ በ150ው መዝሙረ ዳዊት ይፈጸማል። ይህ ጉባኤ ለዘመናት ጸንቶ የኖረው መምህሩ ለአገልግሎቱ ከቤተ ክርስቲያን በተሰጠው የሰሞን መሬት፣ ደበሎ ለባሹ ደቀ መዝሙርም በየደጁ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ እየተዳደሩ ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ያንን መሬት ከወሰደ ወዲህ ግን የመምህራኑ ኑሮ እጅግ ጠበበ።

እኔም የዚሁ ጉባኤ ልጅ ስሆን፣ በአዲስ አበባና በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወላጆች ልጆቻቸው ዳዊት ሲደግሙ ለመስማት እንደሚናፍቁ ባየሁ ጊዜ፣ ያለ ብድርና ያለ ረጂ፣ በእጄ በነበረችው ስልክ በቴሌግራም ማስተማር ጀመርሁ። የመጀመሪያዎቹን ልጆች ያለ ክፍያ ተቀበልሁ፤ ወላጆቻቸው ለዘመድ ወዳጅ ነገሩልኝ። ክፍያ መምጣት ሲጀምርም፣ ለኢንተርኔት ጥቅልና ለተሻለ ማይክ ሳላውል ለሌላ ጉዳይ አልነካሁትም። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር የአገር ውስጡን ክፍያ እጅግ አቃለለልኝ።

ትምህርቱ በቮይስ ነው፤ እኔ አንዱን ቃል አንብቤ እልካለሁ፣ ልጁ ደግሞ ይመልስልኛል። የግዕዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባል ሥርዓት ስላለው፣ «ቀደሰ» ተነሥቶ፣ «ውዳሴ» ግን ወድቆ ይነበባል፤ ልጁ «ውዳሴ»ን ቢያነሣው፣ ከፊደሉ አንዱን እንኳ ሳይስት ንባቡን ያበላሻል። ይህንን የሚለይ ጆሮ ብቻ ነውና፣ የተቀረጸ ትምህርት ለብዙ ሰው በመሸጥ ገቢ ማብዛት ቢቻልም፣ እያንዳንዱን ልጅ ሳልሰማ ገንዘብ መቀበልን አልወደድሁም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እኔ ባለሁበት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጉባኤው ተበተነ። መስመሩ ሲመለስ፣ ዳግም እንዳይበተን፣ በአብነት ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽል የነበረበትን ልማድ መልሼ ያዝሁ፤ አዲስ አበባ የገቡ የአገሬ ደቀ መዛሙርት ጀማሪዎቹን ያስቀጽላሉ፣ እኔ ዳዊት የደረሱትን እሰማለሁ። ለእያንዳንዳቸውም ከክፍያው ድርሻቸውን በየወሩ እሰጣለሁ፤ እነርሱም ከዚያው ቀንሰው መንዝ ለቀሩት የኔታቸው ይልካሉ።