ከምቱ በኋላ ያሉት ሰዓታት

የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ሆስፒታል ይገባል፤ ስሙን ይናገራል፣ ውሃ ይጠይቃል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ይሞታል። የግላስጎው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ብራያን ጄኔትና ባልደረቦቹ በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ተናግረው የሚሞቱ» ያሏቸውን እነዚህን ሕሙማን ለይተው አጠኑ። መነሻቸው ቀላል ነበር፦ የተናገረን ሰው የመጀመሪያው ምት ብቻውን አልገደለውም። ኋላ የመጣ ነገር አለ፤ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ እብጠት ወይም የኦክስጅን እጥረት። ከሦስት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ በጭንቅላት ጉዳት የሞቱ 151 ሰዎች አንጎል ሲመረመር፣ ከአሥሩ በዘጠኙ ያህል ደም በማጣት የመጣ ጉዳት ተገኘ።

የአደጋውና የስትሮኩ ጥናት የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ለንደን ውስጥ የቀዶ ሐኪሙ ሊንዚ ሳይመን ቡድን የዝንጀሮን የአንጎል ደም ሥር እየዘጋ፣ ደሙ ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ይለካ ነበር። ጤነኛ አንጎል ለ100 ግራም በደቂቃ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ያገኛል። ይህ ወደ 15 ገደማ ሲወርድ ሴሉ ዝም ይላል፤ ከ10 በታች ሲሆን ደግሞ ፖታሲየሙን መያዝ አቅቶት መሞት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ያለው ሴል ሥራ ያቆመ እንጂ የሞተ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ስሙን ከግርዶሽ ወሰዱት፤ በሙሉው ጥላ ዙሪያ እንዳለው ከፊል ጥላ ነውና። ዛሬ የስትሮክ ታማሚ ይዘው የሚሮጡት ይህን ከፊል ጥላ ለማዳን ነው።

ግን ሕመምተኛው እየባሰበት መሆኑ በምን ይታወቅ? አንዱ ሐኪም «ከፊል ኮማ» ያለውን ሌላው «ድንዛዜ» ይለው ነበር። ግሬሃም ቲስዴልና ጄኔት በ1974 ዓይን መግለጥን፣ ንግግርንና እንቅስቃሴን ለየብቻ የሚመዝን የግላስጎው መለኪያ አወጡ። ጣሪያው ዛሬ 15 ነው፤ ወለሉ ግን 3 ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። ድንጋይም ቢመዘን 3 ያገኛል እያሉ ተማሪዎች ይቀልዳሉ።

መለኪያ ሲገኝ የቆየ ልማድን መፈተን ተቻለ። ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይህ ምዕራፍ ነው፤ ቀዶ ሐኪሞች የገዛ እጃቸውን ሥራ ለፍርድ አቀረቡ። ያብጣል የተባለን አንጎል ለማስታገስ ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ስቴሮይድ በ2004 በ10,008 ሕሙማን ላይ ተፈተነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከወሰዱት 21.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 17.9 በመቶ ሞቱ። መድኃኒት የተባለው ይገድል ነበር ማለት ነው። ዋልተር ዳንዲ በ1937 የጀመረው፣ ያበጠ የደም ሥርን አንገት በብረት የመቆንጠጥ ቀዶ ሕክምናም ከፈተናው አላመለጠም። በ2002 ለሁለቱም ሕክምና ተስማሚ በሆኑ 2,143 ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በደም ሥር ውስጥ በሚገባ የብረት ጥቅልል የታከሙት የተሻለ ውጤት አገኙ።

የራስ ቅልን አጥንት አንስቶ ግፊትን መቀነስስ? በካምብሪጅ የተመራው የ2016 ጥናት ያመጣው መልስ ከባድ ነው። ሞት ከ48.9 ወደ 26.9 በመቶ ወረደ፤ ዓይናቸውን ገልጠው ራሳቸውን ሳያውቁ የሚኖሩት ግን ከ2.1 ወደ 8.5 በመቶ ጨመሩ። ቤተሰብን የሚያማክር ሐኪም ሁለቱንም ቁጥር አብሮ ሊናገር ይገባል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በ2006 ለተጀመረው የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው በቦሊቪያና በኢኳዶር 324 ሕሙማን የተካተቱበት የ2012 ጥናት ይመስለኛል። አንጎል ውስጥ ገብቶ ግፊት በሚለካ መሣሪያ የተከታተሏቸውና በሲቲ ስካንና በቅርብ ምርመራ የተከታተሏቸው ሕሙማን ውጤት አልተለያየም። ቅርብ ምርመራ ማለት ግን ሌሊቱን ሙሉ ሕመምተኛውን በየሰዓቱ ቀስቅሶ ስሙን የሚጠይቀው፣ ትናንት 14 የነበረው ዛሬ 12 መሆኑን የሚጽፍ ሰው አለ ማለት ነው።