«ክሬዲት»፦ ያለን ሀብት ወይስ ያለብን ዕዳ?

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛችን ገብተው በገበያም፣ በባንክም፣ በመሥሪያ ቤትም ዘወትር ከምንሰማቸው ቃላት አንዱ «ክሬዲት» ነው። ነጋዴ «በክሬዲት ውሰዱ» ሲል በዕዳ ውሰዱ ማለቱ ነው፤ ባንክ በሒሳብ መግለጫው ላይ «ክሬዲት» ብሎ ሲጽፍ ግን ገንዘብ ገባላችሁ ማለቱ ነው። አንድ ቃል በአንድ በኩል ያለንን፣ በሌላ በኩል ያለብንን እንዴት ሊያመለክት ቻለ? ደመወዙን በባንክ ለሚቀበል የሠራዊት አባል፣ እርሱ በግዳጅ ላይ ሳለም የቤቱን ወጪ ለምትመራው ባለቤቱ፣ ጥያቄው የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የኑሮም ነውና በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ልናብራራው ወደድን።

ቃሉ የላቲን ተወላጅ ነው። መሠረቱ «ክሬዴሬ»፣ ማለትም «ማመን» የሚለው ግሥ ሲሆን፣ ከዚሁ የወጣው «ክሬዲቱም» በእምነት የተሰጠ ነገር፣ ብድር ማለት ነው። በአንጻሩ የሚቆመው «ዴቢት» ደግሞ «ዕዳ መኖር» የሚል ትርጉም ካለው «ዴቤሬ» የተገኘ ነው። እንግዲህ ከክሬዲት በስተጀርባ ምንጊዜም ሁለት ወገኖች አሉ፤ አንዱ ያመነ፣ ሌላው የታመነ። የቃሉ ትርጉም የሚለዋወጠውም በየትኛው ወገን ቆመን እንደምናየው ነው።

የመጀመሪያው ትርጉም ዱቤና ብድር ነው። ባለሱቁ ዘይቱንና ስኳሩን ዛሬ ሰጥቶ ዋጋውን ደመወዝ ሲወጣ ለመቀበል በደብተሩ ሲመዘግብ፣ ያመነው እርሱ፣ የታመንነው እኛ ነን። የቁጠባና ብድር ማኅበር ለአባሉ የሚያበድረው ገንዘብም እንዲሁ ነው። የወሰደውን በየዕለቱ የማይመዘግብ ቤተሰብ በወሩ መጨረሻ ዱቤው ዱብ ዕዳ ይሆንበታል።

ሁለተኛው የሒሳብ መዝገብ ትርጉም ነው። ጣሊያናዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ፣ የከተማዪቱ ነጋዴዎች ይሠሩበት የነበረውን ድርብ የመዝገብ አያያዝ አብራርቷል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ሒሳብ በግራ በዴቢት፣ በቀኝ በክሬዲት ይመዘገባል። 3,000 ብር ባንክ ብናስቀምጥ፣ በባንክ ያለን ገንዘብ ሀብታችን ስለሆነ በእኛ መዝገብ በዴቢት ይጻፋል፤ ለባንኩ ግን አንድ ቀን የሚመልስልን ዕዳ ስለሆነ በእርሱ መዝገብ በክሬዲት ይጻፋል። የሚደርሰን መግለጫ የባንኩ መዝገብ ግልባጭ ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ ክሬዲት ሲታይ ያመንነው እኛ፣ ባለዕዳው ባንኩ ነው። ዴቢት ሲታይ ደግሞ ገንዘብ ወጥቷል፤ እኛ ያላወጣነው ከሆነ ሳይውል ሳያድር ባንኩን መጠየቅ ይገባል። በካርድም ረገድ ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ዴቢት ካርድ ያስቀመጥነውን፣ ክሬዲት ካርድ ያበደሩንን ገንዘብ ያወጣል።

ሦስተኛው በውጭ ንግድ «ሌተር ኦፍ ክሬዲት»፣ ባጭሩ «ኤል ሲ» የሚባለው ነው። ቡና ላኪውና ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ላይተዋወቁ ይችላሉ። በመሆኑም የገዢው ባንክ፣ የተዘረዘሩት የጭነት ሰነዶች ተሟልተው ሲቀርቡለት ዋጋውን ሊከፍል ቃል ይገባል፤ ላኪው የሚያምነው ከገዢው ይልቅ ባንኩን ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ለዚህ አሠራር የመጀመሪያውን የጋራ ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1933 ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ክሬዲቴ ተበላሸ» ሲሉ ደግሞ አራተኛውን ትርጉም መናገራቸው ነው። በዚያ አገር የሰው የብድር አከፋፈል ታሪክ ተመዝግቦ ይያዛል፤ በሰፊው የሚሠራበት ነጥብም ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ዕዳውን በጊዜው ያልከፈለ ሰው ነጥቡ ስለሚቀንስ፣ ቤት ሲከራይም ሆነ መኪና በብድር ሲገዛ ይቸገራል።

እንግዲህ «ክሬዲት» የሚል ጽሑፍ በፊታችን ሲቀርብ ልንጠይቅ የሚገባን አንድ ነገር ነው፤ ያመነው ማን ነው? የታመነውስ? ያመንነው እኛ ከሆንን የሚከፈለን አለ፤ የታመንነው እኛ ከሆንን የምንከፍለው አለ። ለወዳጅ ዋስ ሆነን ስንፈርምም፣ ከገንዘቡ አንዲት ብር ሳንወስድ የታመንነው እኛ እንሆናለን። ስለዚህ ባልና ሚስት ከመፈረማቸው በፊት ይህን ጥያቄ አብረው ይመልሱ።