ከዋቱ በፊት አንገቱን ይዩ

ለቤቱ የእንጨት ሥራ ራውተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው የዋቱ መጠን ነው። «ይሄ 1200 ነው፣ ያኛው 1800» ይባላል፤ ገዥውም ትልቁን ቁጥር ይዞ ይወጣል። እኔም የመጀመሪያዬን የገዛሁት እንዲሁ ነው። ዛሬ ለሚጠይቀኝ ሰው ግን የምመክረው ሌላ ነው፦ አስቀድመው ፑንታውን አንቆ የሚይዘውን አንገት፣ ኮሌት የሚባለውን ይዩ፤ ቀጥሎ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን። ዋቱ ይደርሳል።

ራውተር የምለው በእጅ ተይዞ እንጨት የሚቦረቡረውን፣ ጠርዝ የሚያሳምረውን፣ ለማጠፊያ ቦታ የሚቆፍረውን ማሽን ነው። ልዩ የሚያደርገው ፍጥነቱ ነው። በ50 ኸርዝ መብራት የሚሠራ ተራ ኢንዳክሽን ሞተር በደቂቃ ከ3,000 ዙር አያልፍም። ራውተር ውስጥ ያለው ግን በካርቦን የሚሠራ ዩኒቨርሳል ሞተር ስለሆነ ከ20,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል።

ፍጥነቱ በፑንታው ስፋት ሲባዛ ነገሩ ይለወጣል። 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፑንታ በደቂቃ 24,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ 15 ሜትር ያህል ይጓዛል። የበር ፓኔል የሚያወጣው ባለ 76 ሚሊ ሜትር ፑንታ በዚያው ፍጥነት ቢነሳ ግን ጫፉ በሰዓት ወደ 340 ኪሎ ሜትር ይከንፋል። እንዲህ ያለው ትልቅ ፑንታ ወደ 10,000 ዙር ዝቅ ተደርጎ፣ ያውም ራውተሩ ጠረጴዛ ሥር ታስሮ ነው የሚሠራበት። ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ያለው ራውተር ይህን አይችልም።

ወደ አንገቱ እንመለስ። አንድ ዘንግ እንዳይታጠፍ የሚያሳየው ግትርነት በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ኮሌቱ የሚይዘው ዘንጉ ሩብ ኢንች በሆነና ግማሽ ኢንች በሆነ ፑንታ መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ቀጭኑ እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ሲገጥመው ይንቀጠቀጣል፤ ጠርዙ ላይ ጣት የሚቆጥረው ሞገድ ይተዋል። ግማሽ ኢንችም ሩብ ኢንችም የሚቀበል ራውተር ካገኙ ከዋት ይልቅ ለእሱ ገንዘብ ይጨምሩ።

ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ነው እንጂ 6 አይደለም። እኔ ይህን የተማርኩት በዋንዛ ጣውላ ላይ ነው። ዘንጉ 6 ሚሊ የሆነ ፑንታ በሩብ ኢንች ኮሌት አስሬ ለመደርደሪያ ቦይ ማውጣት ጀመርኩ። ቦዩ ሲጀምር 6 ሚሊ ጥልቀት ነበረው፤ ሌላው ጫፍ ስደርስ 9 ሆኖ አገኘሁት። ፑንታው እየዞረ ቀስ በቀስ ከአንገቱ ሲወጣ ነበር። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ተስፈንጥሮ ይመታኝ ነበር።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው ራውተርም የራሱ ጉዳይ አለው። ለ120 ቮልት የተሠራን ሞተር በእኛ 220 ላይ መሰካት ማቃጠል ነው፤ ከዋቱ የሚበልጥ አቅም ያለው ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ የሚታየው ቻርጀሩ ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከተጻፈበት ይሰኩት፤ 120 ብቻ ካለ አይንኩት።

ሌሎቹን መሣሪያዎች በተመለከተ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ መብሻ፣ ቀጥሎ ክብ መጋዝ፣ ከዚያ ራውተር፣ ማለስለሻ ማሽኑ ከፈለጉ በኋላ። ቀጥ ያለ ጣውላ ራውተሩ የሚመራበት ሐዲድ ስለሚሆን፣ ለጀማሪ ውድ የጠረጴዛ መጋዝ አያስፈልገውም።

አቅጣጫውንም ይጠንቀቁ። ፑንታው ከላይ ሲታይ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው የሚዞረው፤ የጣውላውን ውጫዊ ጠርዝ ሲዞሩ ራውተሩን በተቃራኒው ይግፉት። ያለዚያ እንጨቱን ነክሶ እንደ ጎማ ይንከባለላል፤ እጅም ይዞ ይሄዳል።

ለጆሮ መሸፈኛና ለአቧራ ጭንብል የሚወጣውን ገንዘብ ከፑንታ ግዢ አያስከትሉት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት አቧራን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ1995 እንደ አውሮፓውያን ነው። 100 ዴሲቤል ድምፅ ባለበት ደግሞ ያለ መሸፈኛ በቀን ከ15 ደቂቃ በላይ መቆየት አይመከርም፤ ራውተር እንጨት ሲበላ ወደዚያ ይጠጋል።

ሱቅ ሲሄዱ እንግዲህ ካርቶኑን ብቻ አያንብቡ። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ረጅም ፑንታ ያሳስሩበት፤ ጫፉን በጣትዎ ይዘው ግራና ቀኝ ይግፉት። ከተወላወለ 1800 ዋት ቢሆንም ይተዉት።